ለታሚሎች ዋስ የሆንሁበት እሑድ

በ፲፱፻፶፫ ዓ.ም. አርባ አንድ ዓመቴ ነበር። ያን ዓመት ሁለት ነገር ነበረኝ፤ ደባርቅ ካለው ግቢዬ የተከራየ መምህርና ፍርድ ቤት ያደረስኋት በቅሎ።

በቅሎዬ ጠፍታ ከከረመች በኋላ፣ ዳባት ገበያ አንድ ከሊማሊሞ በታች፣ ከአዲ አርቃይ የመጣ ሰው ሲጭናት አየሁና ያዝሁት። እሱ "ከውርንጭላነቷ ያሳደግኋት ናት" አለ፤ እኔ "የኔ ናት" አልሁ። በቅሎዋ ሦስተኛ ሰው እጅ ተቀመጠች፤ እኛ ሙግት ገጠምን።

በሙግት ደባርቅ ያውቀኛል። ፊደል እለያለሁ እንጂ የእጅ ጽሕፈት አልዘልቅም፤ አፌ ግን ሰንፎ አያውቅም። ያ ሰው ደግሞ ትግርኛ ተናጋሪ ነው። አማርኛው ለገበያ ይበቃል፣ ለዳኛ አይበቃም። ሲጨንቀው በትግርኛ ይጀምራል፤ ዳኛው "በአማርኛ!" ይሉታል፤ ላቡ ጠብ ይልና ዝም ይላል። እኔ እነሣና እንደ ክረምት ወንዝ እወርድበታለሁ። በመጨረሻው ቀጠሮ ችሎቱ ሁሉ ሳቀበት። ለፍርድ ሰኞ ተቀጠርን።

ያን ዕለት በትግርኛ ያለውን ግን እኔ ሰምቻለሁ። በጎልማሳነቴ ሊማሊሞን እየወረድሁ እህል ስነግድ ቋንቋውን ለምጄዋለሁ። "ጋማዋን ግለጡት፣ ከሥሩ የተኩስ ጠባሳ አለ፤ ስትታመም በጋለ ብረት የተኮስኋት እኔ ነኝ" ነበር ያለው። ዳኛው አልገባቸውም፤ ጸሐፊው አልጻፈውም። እኔም የባላጋራዬ ምላስ መሆን አይጠበቅብኝም ብዬ ዝም አልሁ። ቤቴ ገብቼ ለሚስቴ ነገርኋት። ያን ያህል ሞኝ ነበርሁ።

መምህሩ ትምህርት ቤት ሒሳብ የሚያስተምር፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ሰው ነው። ደባርቅ "ህንዱ" ይለዋል፤ እሱ ይቆጣል።

"ህንድ አይደለሁም ጋሼ። አገሬ ሴሎን ነው። ደሴት ነው።"

"ደሴቱስ ከማን ጎን ነው?"

"ከህንድ ጎን።"

"እንግዲያስ!"

ብርዳችን ስላልቻለው ካፖርቱ ላይ ጋቢ፣ ጋቢው ላይ ብርድ ልብስ ደርቦ ነው ሰሌዳ ላይ የሚጽፈው። ሥጋ አይቀምስም። የንስሐ አባቴ "ይህ ሰው ዓመቱን በሙሉ ይጾማል፤ የጎደለው ጥምቀት ብቻ ነው" እያሉ ያመሰግኑታል። ወተት ባይወድ ኖሮ ባሕታዊ ባልነው።

በዚያ ዐቢይ ጾም ግን ከአገሩ ደብዳቤ መጣለትና ፊቱ ጠቆረ። "ምን ነካዎት፣ መምህር?" አልሁት።

"አገራችን ሁለት ቋንቋ አለ። የብዙዎቹ ብቻ የመንግሥት ቋንቋ ሆነ። የኛ የታሚሎቹ ከመሥሪያ ቤት ወጣ። አባቴ የመንግሥት ጸሐፊ ነው፤ ሸምግሏል። በሌላው ቋንቋ ተፈተን፣ አለዚያ ውጣ አሉት። አሁን ሕዝቡ ከመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ተቀምጧል። አይማታም፣ አይሳደብም፣ አይነሣም። አባቴም አብሮ ተቀምጧል።"

"ደጅ ጥናት በሉኛ! እሱንማ እኛም እናውቅበታለን። ጎንደር ከሹም በር ስንቱን ክረምት ተቀምጠናል።"

ደጅ ጥናት ምን እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ነገርሁት። ራሱን ነቀነቀ።

"አይደለም ጋሼ። እናንተ የምትቀመጡት ለመግባት ነው። እነሱ የተቀመጡት ማንም እንዳይገባ ነው።"

ይህን ነገር ሦስት ቀን አላመጥሁት። ያን ሁሉ ክረምት በከንቱ መቀመጤ ቆጨኝ።

ከዚያ ወረቀት አመጣ። በየአገሩ የተበተኑ ወገኖቹ ከሚኖሩበት ሕዝብ ፊርማ እየለመኑ ለመንግሥታቸው ይልካሉ አለኝ፤ ግልባጩም በሩ ላይ ለተቀመጡት ይነበባል። "የባዕድ አገር ሰው አብሯቸው መሆኑን ቢሰሙ አባቴ ብቻውን አይደለም" አለ።

"ጣት የሚያስነካ ወረቀት መሬት ይበላል" ብዬ እንቢ አልሁ። አንገቱን ደፍቶ ወረቀቱን ሲያጥፈው ግን አባቱ በር ላይ ተቀምጦ ታየኝ። "እሑድ ማኅበሩ እኔ ቤት ነው፤ ይዘውት ይምጡ" አልሁት።

እሑድ ማኅበርተኛው ዳቦና ጠላ ቀርቦለት ሳለ ተነሥቼ ነገሩን አስረዳሁ። በኛ አገር ተሟጋች ያለ ዋስ አይቆምም። ስለዚህ ሁሉም አንድ ነገር ብቻ ነው የገባው።

"ዋስ ልንሆናቸው ነው?" አለ አንዱ።

መምህሩን ሳልጠይቅ "አዎን፣ ዋስ ነው" አልሁ።

"ቢሸሹብንስ?"

"አንነሣም ብለው የተቀመጡ ሰዎች ወዴት ይሸሻሉ?"

"ፍርድ ቤቱ ዋሶቹ ይቅረቡ ቢልስ? ባሕር ማዶ ነው አሉ። እኔ በመኸር አልንቀሳቀስም።"

"ከጥምቀት በኋላ እንቀርባለን ብለው ይጻፉልን፣ መምህር።"

መምህሩ ግራ ተጋብቶ "ኧረ ማንም አይጠራችሁም" ቢላቸው ተቆጡ። "ማንም የማይጠራን ምን ዓይነት ዋሶች ነን?" አሉት። እንደምንም ብሎ አባበላቸው። የቀለም ብልቃጡን ከፈተ። መጀመሪያ አውራ ጣቴን ያኖርሁ እኔ ነኝ፤ ወረቀት እፈራለሁ ያልሁት ሰውዬ፣ ምን እንደሚል ሳልጠይቅ። ሌሎቹም ተከተሉኝ።

የንስሐ አባቴ ሲደርሱ "ሳልሰማ አልፈርምም፤ አንብብልኝ ልጄ" አሉት። እሱም ፈረንጅኛውን ወደ አማርኛ እየመለሰ፣ ጣቱን በመስመሩ ላይ እየጎተተ አነበበ፤

"እኛ የዚህ አገር ሰዎች፣ ማንም ሰው መሥሪያ ቤትና ፍርድ ቤት ሲቆም አፉን በፈታበት ቋንቋ ሊሰማ ይገባዋል እንላለን።"

"እውነት ነው" ብለው ፈረሙ።

ጠላ የምትቀዳው ሚስቴ ማንቆርቆሪያዋን እንደያዘች ቆመች።

"እስቲ መምህር፣ ያችን ይድገሙልኝ።"

ደገመላት።

"ይኸ ነገር ለሴሎን ብቻ ነው ወይስ ከሊማሊሞ በታችም ይደርሳል?"

"አንቺ፣ ጠላሽን ቅጂ" አልኋት።

"እቀዳለሁ። የታሚል ዋስ ስለሆንህ አንተን አስቀድማለሁ። ያ የአዲ አርቃዩ ሰው ምን ነበር ያለው? ጋማዋን ግለጡ? የኛይቱ በቅሎ ደግሞ መቼ ነው የተተኮሰችው?"

ጎረቤቴ "ተኩስ አለ እንዴ?" አለ። ሌላው ጢሙ ውስጥ ሳቀ። ከተያዝሁ በኋላም ስለማልረታ ተከራከርሁ፤ "ጣቴን ያኖርሁት ሳይነበብ ነው፤ ሳይነበብ የተፈረመ አይጸናም!"

"እንግዲያማ ጣቱን ቆርጠን እንመልስለት" አለ ጎረቤቴ፤ ሁሉም አሽካኩ።

መምህሩ ብቻ አልሳቀም። ምን እንደተባለ ቀስ ብሎ ገባው መሰለኝ፤ ወረቀቱን አነሣና ወደኔ ጠጋ አለ።

"ጋሼ፣ ከፈለጉ የእርስዎን እሰርዘዋለሁ። አባቴ ፊት ውሸት እንዲነበብ አልወድም።"

ስንት ዳኛ ገሥጾኛል፤ እንደዚያ ያለ ቃል ግን ሰምቼ አላውቅም። ፊርማው ከተሰረዘ በቅሎዋ የኔ ናት፤ ፊርማው ከቆየ ግን ነገ ፍርድ ቤት የምሠራው ሌላ ነው። ጠላዬን እንዳለ አስቀመጥሁት።

"ማንም አይሰርዘውም" አልሁ። "ይላክ!"

"በቅሎዋስ?" አለች ሚስቴ።

"አንቺ ዝም በይ!"

ዝም አላለችም፤ ግን የሰው ጽዋ ከመሙላቷ በፊት የኔን ሞላችው።

በማግሥቱ ጧት ከችሎቱ በር ስደርስ ባላጋራዬ ከግድግዳው ተጠግቶ አማርኛውን ለብቻው ይለማመዳል። በትግርኛ "በል፣ ባፍህ ተናገር፤ እኔ አስተረጉምልሃለሁ" አልሁት። ላሾፍበት የመጣሁ መሰለውና ፊቱን አዞረ። ስንጠራ ዳኛው ፊት ቆሜ "ጌታዬ፣ ይህ ሰው ባለፈው ቀጠሮ የተናገረው ቃል አለ፤ አልተጻፈለትም፤ እኔ ላሰማው" አልሁ። ዳኛው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው "ከሳሹ አንተ አይደለህም እንዴ?" አሉኝ። "ነኝ" አልሁ። ሰውዬው ፈራ ተባ እያለ ጀመረ፤ እሱ በትግርኛ ሲናገር እኔ በአማርኛ እየተከተልሁ፣ አንዲት ቃል ሳላስቀር ለጸሐፊው አስጻፍሁ። ከዚያ በቅሎዋ ለፍርዱ ቀርባ ወደታሰረችበት ሜዳ ዳኛውን አስከትዬ ወጣሁና ጋማዋን በገዛ እጄ ገለጥሁ።