የሐዋ አክታ

ባለፈው ሳምንት ጋምቤላ ከተማ አንድ ፔንሲዮን ብገባ፣ ወለሉ የታጠበበት በረኪና ገና ከበሩ አፈነኝ። ክፍል የምታከራየው ልጅ «ጋሼ፣ ንጹሕ ክፍል ነው» ስትለኝ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ወጣሁ። ንጽሕና ምን አደረገህ በሉኛ!

ያደግኩት እዚያው ጋምቤላ ክልል፣ አቦቦ ነው፤ ወላጆቼ ከወሎ በሰፈራ የመጡ ገበሬዎች ናቸው። ታላቅ እህቴ ሐዋ በሳንባ ነቀርሳ ታማ፣ መድኃኒቷን ሳታጓድል ብትውጥም አክታዋ ላይ ጀርሙ መታየቱን አልተወም። የጤና ጣቢያው ነርስ ኦጁሉ፣ የአኙዋክ ልጅ፣ ከማንጎአችን ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ አስረዳን።

«ማይክሮስኮፕ የሞተውንም ያሳያል» አለ። «ስለዚህ አክታዋ አዲስ አበባ ይሄዳል። እዚያ እንቁላል ያለበት ነገር ላይ ይዘሩታል። ከሞተ አይበቅልም። ከበቀለ ግን መድኃኒቱ አልቻለውም፤ ሌላ ይቀየራል።»

«ለእሱ ደግሞ እንቁላል? እኛ ያላገኘነውን!» ብላ ሐዋ ሳቀች፤ ሳቁ ሳል ሆነባት።

በማግሥቱ ጠዋት አክታዋ ኦጁሉ ቤት ትቶልን በሄደው ባለ ክዳን ዕቃ ተሰጠ፤ በበረዶ ሣጥን ተጫነ። ከዚያ መጠበቅ ነው። እንደ በቆሎ በሳምንት ብቅ የሚል ዘር አይደለም፤ ወር አልፎ ወር ይገባል። ዕድሜ ልካችንን ዘር እንዲበቅል የምንለምን ሰዎች፣ ያን ጊዜ እንዳይበቅል ዱዓ አደረግን። ሙቀቱ ቆርቆሮውን ያንጣጣዋል፣ ማንጎው ይረግፋል፣ ሐዋ ትከሳለች።

መልሱ መጣ፤ አልበቀለም። እናቴ እልል አለች፣ ፍየል ታረደ። «ጀርሙ ሞቷል፣ ያንኑ መድኃኒት ቀጥይ» ተባለች። ቀጠለች። ክረምቱ ሳይወጣ ቀበርናት።

ብዙም ሳይቆይ እኔን ሳል ያዘኝ፤ የሷኑ መድኃኒት ብውጥም አልለቀቀኝም። ኦጁሉ የአክታ ዕቃውን ሲሰጠኝ እናቴ ከእጄ መነተፈችው።

«ቆይ፣ እንደ እህትህ በበረኪና ልጠብልህ። ቆሻሻ ዕቃ ለሐኪም ይሰጣል እንዴ?»

የኦጁሉ ፊት ተለወጠ። «እማማ፣ የሐዋንም እንዲህ አጥበሻል?»

«እንዴታ! እንዳይሸታቸው ብዬ ትንሽ በረኪናም ተውኩበት።»

ዝም ቢል ምን ነበረበት! ግን መዋሸት የማይችል ሰው ነበር፤ ቀስ ብሎ ነገራት። ጀርሙን ዕቃው ውስጥ የገደለው በረኪናው ነው፤ ሐዋ ደረት ውስጥ ያለውን የነካው አልነበረም። እናቴ ዕቃውን እንደነበረ እጄ ላይ መለሰችው።

የኔው ሳይታጠብ ሄደ፤ በቀለ። መድኃኒቱ ተቀየረልኝና ዳንኩ። ሰው «እንኳን ተረፍክ» ሲለኝ አሜን እላለሁ፣ ምን ልበል? ግን በእህት ሞት የተገኘ ጤና ይመርራል።

ዛሬ እናቴ አርጅታለች፤ ጆሮዋም ከድቷታል። ብርድ መትቶኝ ስስል ግን እንዴት እንደምትሰማኝ እንጃ፣ ተነስታ ወደ ጓሮ ትወጣለች። ባለፈው ዓርብ ተከትያት ወጣሁና «እማ፣ አብሽሪ፤ አላህ ልብሽን ያውቀዋል» አልኳት።

«ልቤንማ ያውቀዋል» አለችኝ። «እጄንም ያውቀዋል።»