የማትሄደዋ ተሳፋሪ

ይህ ከሆነ አሥር ዓመት አልፎታል። ከአእምሮዬ ያልወጣው ከሞት መትረፌ አይደለም፤ ከተረፍኩ በኋላ መኖር እንዴት እንዳቃተኝ ነው።

እኔ ዲላ አስተምራለሁ፤ እናቴ ያለችው ገደብ ከተማ ነው። አንድ ቅዳሜ ወደ እሷ ስሄድ የተሳፈርኩበት አውቶቡስ ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ አለውና ተገለበጠ። አጠገቤ የነበረችው ሴትዮ ቦርሳዬን ጭኗ ላይ ይዛልኝ ነበር። እኔ ክንዴ ተሰብሮ ወጣሁ። እሷ አልወጣችም። መንገዱን ሁሉ ስናወራ ስሟን እንኳ አልጠየቅኳትም።

ክንዴ በሁለት ወር ዳነ። እኔ ግን አልዳንኩም። በሕልሜ እገለበጣለሁ። ናፍጣ ሲሸተኝ ላብ ያጠምቀኛል። አንድ ቀን ውጭ መኪና ፍሬን ሲይዝ ተማሪዎቼ እያዩኝ ጠረጴዛ ሥር ገባሁ። አክስቴ ዓይነ ጥላ ነው ብላ ጠበል ወሰደችኝ፤ ያውም በእግር፣ መኪና አልገባም ብዬ። እናቴን ሳላይ ዓመት አለፈ። እሷም እግሯ ስለማይችል መምጣት አልሆነላትም። በሰው «ሳላይሽ እንዳልሞት» ብላ ላከችብኝ።

ያን ጊዜ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ነርሷ እስክጨርስ ሰማችኝ።

«እብደትም ልክፍትም አይደለም» አለችኝ። «ከከባድ አደጋ በኋላ የሚመጣ ሕመም ነው፣ ይታከማል። ሰውነትሽ አደጋው ያለቀ አልመሰለውም። ማለቁን ቀስ በቀስ ማስተማር ነው።»

ማስተማርማ ሥራዬ ነው አልኩ በልቤ።

መናኸሪያ ሄጄ ጋሽ ጅግሶ ለሚባሉ የገደብ መስመር ሾፌር ችግሬን ነገርኳቸው። ባዶ መኪና ውስጥ ቀድሞ መግባት የሚወድ የለም። ስለዚህ ሰው ያለ እንዲመስል የሚቀመጡ፣ መኪናው ሲሞላ ወርደው የሚሄዱ የውሸት ተሳፋሪዎች አሉ። ጋሽ ጅግሶ ትንሽ አሰቡና አንቺም እንደ እነሱ ሁኚ፣ ሲጨንቅሽ ትወርጃለሽ አሉኝ።

የመጀመሪያ ቀን እስከ ሃያ ሳልቆጥር ዘልዬ ወረድኩ። በማግሥቱ ተመለስኩ። ውሎ አድሮ ሞተሩ ሲነሣም መቀመጥ ቻልኩ። ከዚያ እስከ መናኸሪያው በር ድረስ እየሄድኩ መውረድ ጀመርኩ። ተሳፋሪው ይቺ ደግሞ ዛሬም ወረደች እያለ ይስቅብኝ ነበር። ይሳቅ። እኔ እልኸኛ ነኝ፤ የፈራሁትን ያህል ተናድጄም ነበር።

በሦስተኛው ወር፣ አንድ ቅዳሜ፣ ጋሽ ጅግሶ እንደ ልማዳቸው በሩ ላይ አቆሙልኝ።

«መምህርት፣ ውረጂ እንጂ።»

«ዛሬ የምወርደው ገደብ ነው» አልኩ።

እሳቸውም ቀስ ብለው ነዱ። ያ ቁልቁለት ላይ ስንደርስ ከፊቴ ያለውን ብረት ጨብጬ አለቀስኩ፤ ዓይኔን ግን አልጨፈንኩም። ሴትዮዋን ይቅር በይኝ አልኳት። እናቴ ደጃፏ ላይ አቅፋኝ ብዙ ከቆየች በኋላ የጠየቀችኝ፣ በእግሬ መጥቼ እንደሆነ ነው።

ዛሬም ናፍጣ ሲሸተኝ እጄን ያልበኛል። ዛሬም የምቀመጠው በሩ አጠገብ ነው። ግን በየወሩ እሄዳለሁ። አጠገቤ የሚቀመጠውን ሰው ሁሉ ደግሞ፣ መኪናው ሳይንቀሳቀስ፣ ስሙን እጠይቃለሁ።