የተሰፉት ኪሶች

የቤተ መጻሕፍቱ በር ፈታሽ የሌላውን አንባቢ ቦርሳ በስሱ ነካ ታደርግና «እለፍ፣ እለፊ» ትላለች። ፊቱ ላይ ጠባሳ ያለበትን ሰውዬ ግን አንድም ቀን እንዲሁ አሳልፋው አታውቅም። ከቅንድቡ እስከ አገጩ የወረደውን ጠባሳ ባየች ቁጥር ልቧ «ይሄስ ሌባ ነው» ይላታል። ሁለት ዓመት ሙሉ ሲወጣ ኪሱን በርብራ ያገኘችው መሐረብ፣ እርሳስና መነጽር ብቻ ነው። ቢሆንም አልተወችውም።

ሰውዬው ሁልጊዜ አንድ ስለ ንብ እርባታ የተጻፈ ወፍራም መጽሐፍ ተውሶ፣ ጥግ ይዞ ደብተሩ ላይ ሲገለብጥ ይውላል። ዛሬ ግን አመሉ ተለውጧል። እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቷል፣ መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል፣ መሐረቡን እጅጌው ውስጥ ወትፏል።

«ደግሞ ምን ሊያመጣ ነው?» አለች በሆዷ።

ሊወጣ ሲል እጇን ወደ ጥቁር ካፖርቱ ኪስ ብትሰድ አልገባ አላት። ኪሱ በነጭ ክር ጥብቅ ተደርጎ ተሰፍቷል። ሌላኛውም እንደዚያው።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«እኔው ነኝ የሰፋሁት፣ እህቴ። አንቺም እንዳትደክሚ፣ ከኋላዬ ያለውም ሰው እንዳይጉላላ ብዬ ነው» አላት፣ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

እጇን ከካፖርቱ ላይ አነሳች።

«ይለፉ፣ ጋሼ» አለች በመጨረሻ። ጋሼ ብላው አታውቅም ነበር።

ውጭ ብርዱ እጅ ያቆፍናል። መንገደኛው ሁሉ እጁን ኪሱ ከቶ ሲጣደፍ፣ እሱ መዳፎቹን እያፋተገ ሲርቅ በሩ ላይ ቆማ አየችው። የራሷ እጆች ኪሷ ውስጥ እየሞቁ እንደሆነ ልብ ያለችው ያኔ ነው።