ከሆሮምቦ የያዝኩት ወሬ

ዓርብ፣ ከአሌክሳንድርያ

ኪሊማንጃሮ ወጥተን ከተመለስን ወዲህ «ስለ ጉዞው ጻፊልን» ያላችሁኝ ብዙ ናችሁ። የምትፈልጉት ምን ዓይነት ጫማ እንደሚገዛና ብርዱ እንዴት እንደሚቻል መሆኑን አውቃለሁ፤ እሱንም እጽፋለሁ። ግን የሄድነው ሁለት ሆነን ነው። የሁለታችንን ካልጻፍኩ ውሸት ይሆንብኛል፤ ውሸት ደግሞ በቅቶኛል።

ሰናይት የአሥራ ስምንት ዓመት ጓደኛዬ ናት። እዚህ አሜሪካ እሷ ሲልቨር ስፕሪንግ ከአባቷ ጋር ትኖራለች፣ እኔ አሌክሳንድርያ፣ ላንድማርክ አካባቢ። ሥራዬ ሆስፒታል ነው፤ በሽተኛ አጥባለሁ፣ አገላብጣለሁ፣ አበላለሁ። ሰናይትን ሐኪሟ «ስኳር ሊጀምርሽ ነው» ሲላት ቅዳሜ ቅዳሜ በእግር መሄድ ጀመርን። ሁለት ማይሉ አሥር ሆነ፤ ከዚያም «አምሳ ዓመት ሳይሞላን አንድ ትልቅ ተራራ እንውጣ» አለች። ሐሳቡ የእሷ ነው። ቲኬቱን የቆረጥኩት፣ አስጎብኚውን የመረጥኩት፣ የዕቃውን ዝርዝር የጻፍኩት ግን እኔ ነኝ። ሰው ማዘዝ እወዳለሁ፤ ልጆቼን ጠይቁ።

ዋዜማውን አባቷን ጋሽ ተሰማን ውድብሪጅ ወንድሟ ዮናስ ቤት አደረስናቸው። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። «ከላይ ሲታይ ምን እንደሚመስል ታሳዪኛለሽ» አሏት። እሷም «በቪዲዮ አመጣልዎታለሁ አባባ» ብላ ግንባራቸውን ሳመች።

ቅዳሜ፣ ሞሺ

አዲስ አበባ አውሮፕላን ቀይረን ቀትር ላይ ታንዛንያ ገባን። ሞሺ ሙቀትና አቧራ ነው፤ ተራራው በደመና ተሸፍኖ ፈጽሞ አይታይም። ወፍራም ጃኬት በሃያ አምስት ዶላር ተከራየን፤ ሠላሳ አምስት ብለውን ተከራክሬ ነው።

መሪያችን ጆሴፍ የሚባል አርባ ዓመት ያለፈው፣ ወሬ የማያበዛ ሰው ነው። ሻንጣችንን ዘርግፎ ግማሹን ሆቴሉ ውስጥ አስቀረው። የእኔን የበርበሬ ዕቃ አሽትቶ ግን መለሰልኝ።

እሑድ፣ ማንዳራ

የመጀመሪያው ቀን ጫካ ነው። ዛፉ ሁሉ ጢም በመሰለ የዛፍ ሽበት ተጀቡኗል፣ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ጦጣ ከላይ ይጮኻል። ተሸካሚዎቹ የእኛን ዕቃ ጭንቅላታቸው ላይ አድርገው እየሮጡ ያልፉናል፤ እኛን «ፖሌ ፖሌ» ይሉናል፣ ቀስ በሉ ማለት ነው። ማታ ማደሪያችን ማንዳራ ደርሰን የዱባ ሾርባና ዳቦ በላን። ሰናይት በርበሬዬን ሾርባው ላይ ነስንሳ ጆሴፍን አስቀመሰችው፤ እንባው ሲወርድ ሳቀችበት።

ሰኞ፣ ሆሮምቦ

ከጫካው ስንወጣ ዛፉ አለቀ። ሦስት ሺህ ሰባት መቶ ሜትር ላይ ያሉት የእንጨት ጎጆዎች ጋ ስንደርስ ራሴን ይወጋኝ ነበር። ከጎጆዎቹ ኋላ ስልክ የሚሠራበት አንድ ቋጥኝ አለ። ሰናይት ጋደም ስትል ለልጆቼ መልእክት ልላክ ብዬ ወጣሁ። ስልኩን እንደከፈትኩ ዮናስ ደወለ።

«ሰናይት አጠገብሽ ናት?»

«የለችም። ምነው?»

«አባባን ዛሬ ጠዋት ስትሮክ መታቸው። አይ ሲ ዩ ናቸው። አፋቸው ተይዟል፣ ግራ እጃቸውን ብቻ ነው የሚያንቀሳቅሱት።»

«ዶክተሮቹስ ምን አሉ?»

«ቀጣዮቹ ቀናት ይወስናሉ ነው የሚሉት። ብቻ እንዳትነግሪያት። እዚያ ተራራ ላይ ሆና አንድ ነገር ብትሆንስ? ሽማግሌዎቹንም ኮል አድርጌ ጠይቄያለሁ፤ በመንገድ አይነገርም ብለዋል። ስትመጣ እኛው እንነግራታለን።»

«እሺ» አልኩት። ለማሰብ እንኳ ጊዜ አልወሰድኩም።

ጆሴፍ ፊቴን አይቶ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። መደበቅ አልቻልኩም፣ ነገርኩት።

«ጠዋት ከተነሳች ማታ ከታች ፓርኩ በር ላይ ናት» አለኝ። «አብሯት የሚወርድ ሰው አለኝ።»

«በእኛ አገር ክፉ ወሬ በመንገድ ላይ አይነገርም።»

«ሰውዬው እኮ አልሞተም» አለ።

እውነቱን ነው። መርዶ የሚደበቀው ለሞተ ሰው ነው፤ ጋሽ ተሰማ ግን በሕይወት ነበሩ። እኔ ደግሞ «ቀጣዮቹ ቀናት» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ከማንም በላይ አውቃለሁ። ስንቱን ቤተሰብ ከባዶ አልጋ አጠገብ ቁጭ አድርጌ ውኃ አጠጥቻለሁ።

ማክሰኞ፣ እዚያው

ይህ ቀን ሰውነት ከፍታውን እንዲለምድ የሚታረፍበት ነው። ሁለት ጊዜ ልነግራት አፌን ከፍቼ ነበር። አንዴ እሷ ደረቅ ካልሲዋን አውጥታ «ያንቺ ረጥቧል፣ ይሄን አድርጊ» አለችኝ፤ ካልሲውን ተቀብዬ አጠለቅኩ። «ምነው ቀዘቀዝሽ?» ስትለኝ ራስ ምታቱን አመካኘሁ።

ሆድ ይፍጀው ይባላል። አልፈጀውም። እስከ ዛሬ ለማንም ያልተናገርኩትን ደግሞ እዚህ ልናገር፦ ዝም ያልኩት ስለ ልማዱ ብቻ አልነበረም። እሷ ከወረደች እኔም እወርዳለሁ፤ አንድ ዓመት ሙሉ የተዘጋጀሁበትን ጫፍ ሳላየው ልቀር ነው። ይህ ሐሳብ መጥቶልኛል፣ አላባረርኩትም። ልማዱ ጥሩ መሸሸጊያ ሆነኝ።

ረቡዕና ሐሙስ፣ ጫፉ

ወደ መጨረሻው ማደሪያ፣ ወደ ኪቦ፣ የሚወስደው ሜዳ ሣር የለው፣ ውኃ የለው፤ ድንጋይና ንፋስ ብቻ ነው። ማታ ምግቡ አልዋጥ አለን። እኩለ ሌሊት ላይ ግንባራችን ላይ መብራት አስረን ተነሣን። መሬቱ ልቅ ጠጠር ስለሆነ ሁለት እርምጃ ሲወጡ አንዱ ወደ ኋላ ይንሸራተታል። እኔ ሁለት ጊዜ አስመለሰኝ። የጠርሙሴ ውኃ በረደ፣ ቀጥሎ ድንጋይ ሆነ። ሰናይት ከኋላዬ ሆና «በርቺ፣ ደርሰናል» ትለኛለች፤ አልደረስንም ነበር።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲሆን ጫፉ ላይ ቆምን። በስተቀኝ የበረዶ ግድግዳ፣ ከእግራችን በታች ደመና። ሰናይት ስልኳን ሰጠችኝና ጓንቷን አውልቃ እጇን አወዛወዘች። «አባባ፣ ይኸው ወጣሁልዎት! የጤናዬ ነገር ከእንግዲህ አያሳስብዎት!» እያለች ታለቅሳለች፣ ትስቃለች። ቪዲዮውን የቀረጽኩት እኔ ነኝ።

ዓርብና ቅዳሜ፣ ቁልቁል

ዓርብ ከተራራው ወርደን ሞሺ አደርን። ሰናይት አባቷ ጋ ስትደውል ዮናስ «ተኝተዋል» አላት። ቅዳሜ ቁርስ ላይ የዮናስ መልእክት ገባ፦ «አባባ አረፉ። አደራ።» እንቁላሌን ጨርሼ በላሁ፤ ካልበላሁ ትጠይቀኛለቻ። እሷ ከሆቴሉ በር ላይ ለአባቷ የሱፍ ኮፍያ ስትመርጥ «ግራጫው ይሻላል ወይስ ቡናማው?» አለችኝ። «ግራጫው» አልኳት። እስከ ደለስ ኤርፖርት ድረስ ትከሻዬ ላይ ተኝታ መጣች።

እሑድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ዮናስ ጢሙን ሳይላጭ ኤርፖርት ተቀበለን። «አባባስ?» አለችው፤ «ቤት ናቸው» አላት። አፓርታማዋ ፓርኪንግ ስንገባ የምናውቃቸው መኪናዎች ተደርድረዋል፣ በሩ ላይ ጥቁር የለበሱ ሴቶች ቆመዋል። ከመኪናው ሳትወርድ ገባት። ሽማግሌዎቹ ያዘጋጁትን ቃል ለመናገር እንኳ ጊዜ አላገኙም።

ከሰዓት በኋላ ድምጿ ሲያልቅ ወንድሟን አባቷ የታመሙበትን ቀን ጠየቀችው። ነገራት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«አንቺ መቼ ሰማሽ?»

«ሰኞ።»

«ሆሮምቦ እያለን?»

«አዎ።»

«ያኔ ብትነግሪኝ መቼ እደርስ ነበር?»

«ሐሙስ ጠዋት።»

ዮናስ አንገቱን ደፍቶ፣ «ሐሙስ ዓይናቸውን ገልጠው ነበር» አለ። «እየመጣች ነው አልናቸው። ቀኑን ሙሉ በሩን ሲያዩ ዋሉ።»

ትጮኽብኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

እንግዲህ የጠየቃችሁኝ ይኸው፦ ጫማ ከቁጥራችሁ አንድ ከፍ ያለ ግዙ፣ ውኃ ጃኬታችሁ ውስጥ ያዙ። እኔ የተማርኩትን ደግሞ ለልጆቼ ነግሬያቸዋለሁ፤ የትም ብሆን፣ ምንም ቢሆን፣ ደውላችሁ ንገሩኝ።

ለአርባው ሄጄ ነበር። ሰናይት በር ላይ ተቀበለችኝ፣ ካፖርቴን ወሰደች፣ ከትልልቆቹ ጎን አስቀመጠችኝ። እንደ ድሮው ኩሽና ልግባ ብል «ኧረ አይሆንም፣ ቁጭ በይ» ብላ ምግቡን በእጇ አመጣችልኝ። ስወጣ እስከ ሊፍቱ ሸኘችኝና እንዲህ አለችኝ፦ «ስለመጣሽ ቤተሰቡ ያመሰግናል።»