ሕመሙን የደበቀው አናጢ

አናጢው ጠዋት ከአልጋው ሳይወርድ እግዚአብሔርን ያመሰግናል፤ ለጤናው፣ ለሚስቱ፣ ለነጋለት ቀን። ይህ ልማዱ ለዓመታት ጭንቀቱን አቅልሎለት፣ እንቅልፍም ሰጥቶት ኖሯል። ዘንድሮ ግን መጋዝ በሳበ ቁጥር ደረቱን ጨምድዶ የሚይዝ ሕመም ጀመረው። ለማንም ትንፍሽ አላለም። «ተመስገን» ባለ አፉ ማማረር ክህደት መስሎ ታየው።

አንድ ቀን ጣውላ ሲልግ ላብ አጠመቀውና ተዝለፈለፈ። ሚስቱ ደግፋ ክሊኒክ አደረሰችው።

«እንዴት ነዎት አባባ?» አለችው ነርሷ።

«ተመስገን፣ ደህና ነኝ።»

«ኧረ በፈጠረህ!» አለች ሚስቱ። «ደህና ሰው ነው እንዲህ ተደግፎ የመጣው? እሱ የልብህን ያውቃል፤ እኛ ግን ካልነገርከን በምን እንወቅልህ?»

አናጢው አንገቱን ደፋ። ሕመሙ ከጀመረው አምስት ወር እንዳለፈው የተናገረው በተቆራረጠ ድምፅ ነው። ሐኪሙም ልቡ መጎዳቱን፣ ቀደም ብሎ ቢመጣ ይሻል እንደነበር ሳይሸሽግ ነገረው። መድኃኒት አዘዘለት፤ ከባድ ሥራም ከለከለው።

ከዚያ ወዲህ ምስጋናውን ባይተውም፣ «ፈርቻለሁ፣ ጌታዬ» የሚል ቃል ገባበት።

እሑድ ከሚስቱ ጋር ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ዳገቱ መሀል ቆመ።

«ቆይ እስቲ፣ ያዘኝ» አላት፤ ሳትጠይቀው።

መንገድ ዳር ተቀመጡ። መዝሙሩ ከላይ እየተሰማቸው፣ ሕመሙ እስኪለቀው እጁን ይዛ ጠበቀች።