መድና የጨመረችው ገጽ

አጋሮ ውስጥ ሴቶች ቡና የሚለቅሙበት አንድ መጋዘን አለ። እኔ እዚያ ሚዛን ላይ ከተቀመጥኩ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አለፈኝ። ሴቶቹ በሁለት ረድፍ ትይዩ ተቀምጠው፣ ሰፌዳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ጥቁሩን፣ የተሰበረውንና ነቀዝ የበላውን ፍሬ ከደህናው ይለያሉ። ከመካከላቸው አንዷ ግን በእጇ መጽሐፍ ትይዛለች። እሷ መድና ናት።

መድናን ከልጅነት ጀምሮ አውቃታለሁ፤ አንድ ክፍል ተምረናል። በዚያ ዘመን የአማርኛው መማሪያ መጽሐፍ ለአምስት ተማሪ አንድ ብቻ ነበር። መምህር ኩመራ አንዱን ያስነሡና «አንብብ!» ይሉታል፤ የቀረነው አንገታችንን አስግገን መስመሩን በጣታችን እንከተላለን። ጣቱ ከመስመር ለወጣ ልጅ ወዮለት! መድና ስታነብ ግን የማንም ጣት አይስትም ነበር። ነጠላ ሰረዝ ላይ ትንሽ ታርፋለች፤ አራት ነጥብ ላይ ረዘም ታደርጋለች። ቀበሮዋ ስትናገር ቀበሮ፣ ንጉሡ ሲናገር ንጉሥ ትሆናለች። ስምንተኛ ክፍል ላይ ዳሯትና መጽሐፉን በካኪ ወረቀት አዲስ አልብሳ ለመምህር ኩመራ መለሰች። ከዚያ በኋላ ክፍላችን ውስጥ ንባብ ማለት መንተባተብ ሆነ።

ባሏ ሞቶ ወደ መጋዘኑ ስትመጣ እኔን ሚዛኑ ሥር ልቦለድ ይዤ አገኘችኝ።

«ከፈለ፣ አንተ አሁንም አልተመረቅክም?» ብላ ሳቀችብኝ። መጽሐፉን ከእጄ ወስዳ ቆማ አንድ ገጽ አነበበች። ቡናው ብቻ ሰፌድ ላይ ኮሽ ኮሽ ይላል።

በዚያው ተጀመረ። እሷ ስታነብ ሥራዋ እንዳይቀርባት እያንዳንዷ ሴት ከለቀመችው አንድ እፍኝ መድና ሰፌድ ላይ ታደርጋለች። ስሙን «የጉሮሮ» ብለው አወጡለት። ንባቡ ሰው ያሳዘነ ቀን እፍኙ ይበዛል። ንባቡ ደስ ያላላት ቀን ደግሞ ነጅላ የምትባለው ቀልደኛዋ ልጅ፣ «ዛሬ ጉሮሮሽ አልደረቀም» እያለች ሦስት ፍሬ ቆጥራ ትጥልላታለች።

መጻሕፍቱ የእኔ ነበሩ፤ ከሣንቃ ሣጥን እያወጣሁ አመጣቸዋለሁ። የድሮ ልቦለድ ቶሎ አይገባደድም። ሰውየው በቅሎ ጭኖ ለመነሣት ብቻ ስድስት ገጽ ይፈልጋል። ለአንባቢው ቃል አይገባም፤ እንዲህ ሆነ ይልሃል፣ ልብህ ቢሰበር ተሰበረ ነው። በልጅነቴ ይህ ጭካኔ ይመስለኝ ነበር። ሳረጅ ግን አክብሮት ሆኖ ታየኝ፤ መጽሐፉ «ትችለዋለህ» ብሎኛል ማለት ነው።

ለመድና ቅርብ ሆና የምትቀመጠው ረይሃና ነበረች። ረይሃና ፊደል አልቆጠረችም፤ የሰማችውን ግን አትረሳም። ጠዋት ጠዋት የት ላይ እንደቆምን የምትነግረን እሷ ናት። «ማሎ፣ እባክሽ መድና፣ ትናንት ጋሪው ወንዙ አፋፍ ላይ ነው የተወሽው፤ አንዱ በሬ ያነክሳል» ትላለች። ሂንድ የምትባል አንዲት ልጅ አለቻት። ልጅቱ ወደ ዓረብ አገር ሄዳ ስትሠራ ቆይታ፣ ድምፅዋ ከጠፋ አሥራ አንድ ወር ሆኖ ነበር። ስልኳ ሲደወል አይጠራም።

ባለፈው ክረምት ማብቂያ አንድ አሮጌ ልቦለድ አመጣሁ። ሽፋኑ ተገንጥሎ ስሙን እኔም አላውቀውም። ልጇ የጠፋችባት እናት ታሪክ ነው። ሴትዮዋ ልጄ ብትመጣ ብላ በሩን ሳትዘጋ ዓመታት ትኖራለች። መጨረሻው ላይ ትሞትና ጎረቤቶቿ መጥተው በሩን ይዘጉታል። ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ረይሃና እንደምትሰማው እያወቅሁ አመጣሁት። መጽሐፍ ወዳድ ሰው አንዳንዴ ሰው ይረሳል።

መጽሐፉ በሚያልቅበት ቀን መድና የመጨረሻውን ገጽ ገለጠችና ነጠላ ሰረዝም አራት ነጥብም በሌለበት ቆመች። ዓይኗ ወደ ታች ሮጠ። ቀና ስትል የረይሃና እጅ ሰፌዱ ውስጥ ደርቆ ነበር። መድናም ማንበቧን ቀጠለች።

«በሩ ላይ አረንጓዴ ሻሽ ያሰረች ልጅ ቆማለች። እጇ ባዶ ነው። ‹እማዬ፣ በሩን ለምን ክፍቱን ተውሽው?› አለች። እናቲቱም፣ ‹አንቺ እንዳታንኳኪ ብዬ› ብላ መለሰችላት።»

ሴቶቹ እልል አሉ። ረይሃና «አልሃምዱሊላህ!» ብላ ሁለት እጇን ሞልታ የጉሮሮ ሰጠች። መድና ያነበበችው ቃል መጽሐፉ ውስጥ አልነበረም። እኔ አውቃለሁ፤ ግን አቀርቅሬ ሚዛኑን ጠረግሁ።

ምሳ ሰዓት ላይ ወደ መድና ጠጋ አልኩና፣ «የትኛው ገጽ ላይ ነው እሱ?» አልኳት።

«አንተ ደሞ! አንድ ቀን ደስ ቢላት ከመጽሐፍህ ምን ይጎድላል?»

እውነት መሰለኝ።

ቀጥሎ ነጅላ አዲስ መጽሐፍ ይዛ መጣች፤ ዩኒቨርሲቲ፣ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ የሚማረው ወንድሟ ፋሂም ጥሎት የሄደ ነው። አሁን በየመንገዱ ከሚሸጡት የምክር መጻሕፍት አንዱ ነበር። እነዚህ ገና ከሽፋናቸው ቃል ይገባሉ፤ ታገኛለህ፣ ትሆናለህ፣ ትወጣለህ! አልንቃቸውም፤ ለደከመው ሰው ብርታት የሰጡበትን ቀን አይቻለሁ። ይኼኛው ግን፣ «የምትመኘውን እንደተፈጸመ አድርገህ በዓይነ ልቦናህ ተመልከት፤ ተከትለህ አትሩጥ፤ መሮጥ መጠራጠር ነው» ይል ነበር። መድና እየተኮሳተረች አነበበችው። ረይሃና ግን፣ «ይቺን ድገሚልኝ» አለች።

በኅዳር ወር አንድ ወሬ መጣ። አዲስ አበባ ያለ አንድ ማኅበር ዓረብ አገር ሄደው የጠፉ ልጆችን ሊያፈላልግ ነው፤ ወላጅ ራሱ የልጁን ፎቶና የፓስፖርት ቅጂ ይዞ እስከ ሰኞ ይመዝገብ ተባለ። ከአጋሮ ሁለት እናቶች ወዲያው ሄዱ። ሐሙስ ዕለት ረይሃና አሁንም ቡና ትለቅማለች።

«አንቺስ መቼ ነሽ?» አለቻት ነጅላ።

«ወዴት?»

«ምዝገባው ነዋ!»

«ምን ላድርግ ብዬ? የምትመጣ ልጅ ምን ያስመዘግባታል? በሩ ላይ ስትቆም አላየሽም? አሁን አባሮሽ ብገባ ተጠራጠርኩ ማለት አይደል? የወንድምሽ ኪታብ ራሱ ብሎታል።»

መድና ታነብ የነበረውን መስመር ሁለት ጊዜ ደገመችው። በሕይወቷ ማንም ድገሚ ሳይላት ስትደግም የሰማኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

ማታ ልንወጣ ስንል ሚዛኑ ጋ መጣች። «ከፈለ፣ ምን አደረግሁ?»

«ንገሪያት።»

«ምን ብዬ? ልጅሽ አልመጣችም ብዬ?»

ዓርብ ሳትነግራት ዋለች። ቅዳሜ ቤቷ ሄደች። ረይሃና በሩን አረንጓዴ ቀለም ስትቀባ አገኘቻት፤ ክንዷ ድረስ አረንጓዴ ሆናለች። «ለሂንድ ነው፤ ከሻሿ ጋር እንዲሄድላት» አለቻት። መድና ውኃ ጠጥታ ተመለሰች። እሑድ እኔ ልንገራት ብዬ ተነሣሁና መስጊዱ አጠገብ ደርሼ ዞርኩ። በዚህ ዕድሜዬ እንደዚያ ያፈርኩበት ቀን የለም።

ሰኞ ጠዋት መድና ሽፋን የሌለውን መጽሐፍ አወጣች። ቆመች፤ እንደ ተማሪ። የመጨረሻውን ገጽ እንደተጻፈው አነበበችው። እናትየዋ ሞተች፤ ጎረቤቶች መጡ፤ በሩን ዘጉት። «ይኼ ነው ያለው። ያኛውን እኔ ነኝ ያልኩት። ረይሃና፣ አፉ በይኝ፤ ዛሬ የምዝገባው የመጨረሻ ቀን ነው» አለች።

ያን ጊዜ እልል ያሉት ሴቶች በሙሉ ሰፌዳቸውን ያዩ ጀመር። ረይሃና ቀስ ብላ ተነሣች። «ዛሬ?» አለች። «ዛሬ ነው የምትነግሪኝ?»

ከአጋሮ አዲስ አበባ የአንድ ሙሉ ቀን መንገድ ነው። ረይሃና ይህን ታውቃለች፤ ሆኖም የሂንድን ፎቶ ከቤት አንሥታ በዚያው የሥራ ልብሷ ሄደች። ማክሰኞ ደረሰች። መዝገቡ ተዘግቷል፤ ሌላ ጊዜ መቼ እንደሚከፈት አናውቅም አሏት። ፎቶውን ብቻ ተቀበሉኝ ብትል እሱንም መለሱላት። የሁለቱ እናቶች ልጆች ስም ሰፍሯል። የሂንድ የለም።

ተመልሳ ስትመጣ ጥግ ሄዳ ተቀመጠች። መድና ማንበብ ተወች፤ የጉሮሮም ቀረ። አንድ ቀን ነጅላ ስልኳን ከፍታ መንዙማ ብታሰማ አንዷ «ዝጊው» አለቻት። ቡናው ብቻ ኮሽ ኮሽ ይላል። መድናም አቀርቅራ ትለቅማለች፤ ጣቷ ግን ፈጣን አይደለም፤ ገና ሰፌዷን ሳትሞላ ቀኑ ይመሻል። እኔም ሣጥኔን ከፍቼ አላውቅም።

ሦስት ሳምንት ያህል እንዲህ ቆየን። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወቅቱን ያልጠበቀ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ረይሃና ሰፌዷን ይዛ መጥታ የድሮ ቦታዋ ላይ ቁጭ አለች። መድናን አላየቻትም።

«አንብቢልኝ።»

«የቱን?»

«አንቺ ያልሽውን።»

«ረይሃና... ወረቀቱ ላይ እኮ የለም።»

«እንደሌለ ነግረሽኛል። አንብቢው።»

መጽሐፉ ሚዛኑ ሥር ነበር። አንሥቼ ሰጠኋት። መድና የመጨረሻውን ገጽ ገለጠች።

«በሩ ላይ... በሩ ላይ ነጭ ሻሽ ያሰረች...»

«አረንጓዴ» አለች ረይሃና።

«አረንጓዴ ሻሽ ያሰረች ልጅ ቆማለች። ሻንጣዋን አስቀምጣ...»

«ሻንጣ የላትም። እጇ ባዶ ነው።»

መድና አቃታት። አንድ ቀን ከአፏ የወጣ፣ የትም ያልተጻፈ ቃል ነው፤ ከየት ታምጣው?

ያን ጊዜ ረይሃና ራሷ ጀመረችው። ዓይኗን ሰፌዱ ላይ አድርጋ፣ ጥቁሩን ፍሬ ከደህናው እየለየች፣ አንዲት ቃል ሳትስት አለችው። መድና ባረፈችበት አረፈች። መድና ድምፅዋን ዝቅ ባደረገችበት እሷም ዝቅ አደረገች። መድና መጽሐፉን እንደገለጠች ጣቷን መስመሩ ላይ አኖረች፤ ጎረቤቶቹ በሩን በሚዘጉበት መስመር ላይ፤ ረይሃና በተናገረች ቁጥር ጣቷ ቃል በቃል ይከተላታል።

«‹አንቺ እንዳታንኳኪ ብዬ› ብላ መለሰችላት» አለች ረይሃና። አበቃ።

እልል ያለ ሰው አልነበረም። መድና ከሰፌዷ፣ ከዚያችው ከማትሞላው ሰፌዷ፣ አንድ እፍኝ አንሥታ የረይሃና ሰፌድ ላይ አደረገች። ረይሃና ፍሬዎቹን በጣቷ በተን በተን አደረገቻቸው። አንድ ጥቁር አገኘችና አውጥታ ጣለችው።

«ነገም» አለች።