በታፔላ ላይ የሞተች እናት

ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ያለችው የበሶ ቤት ታፔላ፣ በግራ ጥጓ በኩል ቀለሟ እንደ ሽንኩርት ተልጧል። ከላይኛው ነጭ ቀለም ሥር ጥቁር ፊደል፣ ከጥቁሩ ሥር አረንጓዴ ቅጠል ብቅ ይላል። ከቅጠሉ ሥር የአንድ ሯጭ እግር አለ። ከሁሉም በታች፣ ቆርቆሮው ላይ እንደ ተጣበቀ፣ «ጂዳ» የሚል ቃል ያሾልቃል። አንዲት ቆርቆሮ ይህን ሁሉ ሕይወት ተሸክማ በነፋስ አለመውደቋ ይገርማል!

የታፔላዋ ጌታ ፈንታው ይባላል። ከስደት በተመለሰ በወሩ «ከጂዳ ተመላሹ ፈንታው በሶ» ብሎ ሰቀለ። መካነ ሰላም ከተማ አዘነችለት፤ ገዛችለት። በዓመቱ ግን ፀጉር አስተካካዩም፣ ጎማ ለጣፊውም ከጂዳ ተመላሽ ሆነው ተገኙ። ያን ሰሞን ፈንታው ደሴ የሁለት ቀን የንግድ ሥልጠና ተካፍሎ ነበር። «ታሪካችሁን አድሱ!» አለ አሠልጣኙ። ሌሎቹ በደብተራቸው ጻፉት፤ ፈንታው በልቡ ጻፈው።

ከዚያ ወዲህ በሶው ያው በሶ ሆኖ፣ ታሪኩ ብቻ ይቀያየር ጀመር። አንድ ሰሞን የሯጮች ምግብ ሆነ፤ በከተማዋ ግን ሚኒባስ እንዳያመልጠው ከሚሮጥ ተሳፋሪ በቀር ሯጭ አልነበረም። ቀጥሎ «ተፈጥሯዊ» ተባለ፤ ገብሱ ከዚያ በፊት ምን እንደነበረ የጠየቀ ሰው የለም።

ያልተቀየረችው እናቱ፣ እማ በዛች፣ ብቻ ነበረች። ገብሱን ገጠር ራሷ ቆልታ፣ አስፈጭታ፣ በየሁለት ሳምንቱ በአይሱዙ ይዛ ትመጣለች። ሌላ ሰው የቆላው ወይ ያራል ወይ ጥሬ ጥሬ ይላል። ፈንታው ይህን አሳምሮ ያውቃል። ስሟን ግን አንድም ቀን ታፔላው ላይ ጽፎት አያውቅም።

ሁዳዴ ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው አዲስ ታሪክ አማረው። ዓመቱን ሙሉ የሚያኖረው የጾሙ ገበያ ነው፤ እሱ ከከሸፈ ሱቁ መዘጋቱ ነው። በስልኩ አንድ የአዲስ አበባ ማር ነጋዴ ስለ ሟች አያቱ ሲናገር፣ ሰው ከሥር የሚያለቅስ ፊት ሲደረድርለት አየ። ወዲያው ታፔላ ጸሐፊውን ወንድዬን ጠራው።

«ጻፍ። ‹የሟች እናቱን የአደራ ሙያ የያዘ፣ ፈንታው በሶ›።»

ወንድዬ ብሩሹን አየር ላይ አቆመ። «እማ በዛች ሞቱ እንዴ?»

«ኧረ አልሞተችም። ታሪክ ነው እንጂ።»

«ነግረሃቸዋል?»

«እሷ መቼ ማንበብ ትችልና!»

ወንድዬ ራሱን ነቀነቀ፤ በጥቁር ቀለም ጻፈ።

በማግስቱ የገበያ ቀን ነበር። ፈንታው ገና በሩን ሲከፍት ሰው መንገዱን ሞልቶ ወደ እሱ ሲመጣ አየ። ልቡ ዘለለ፤ አሠልጣኙን መረቀው። ሰዎቹ ቀረብ ሲሉ ግን ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ነበር። ከፊት የእድሩ ዳኛ ጋሼ አባተ፣ ከኋላቸው ድንኳን የተሸከሙ ጎረምሶች።

«አንተ!» አሉ ጋሼ አባተ። «እናትህን ደብቀህ ቀበርክ? እኛ የት ሄደን? መርዶ በቆርቆሮ ይነገራል?»

ጎረቤቱ እትዬ ሀዲያ አንገቱን አቅፈው ይንሰቀሰቃሉ። «አብሽር ልጄ፣ አብሽር! ባለፈው መጥታ ሳያት ወላሂ ደህና ነበረች!»

«አልሞተችም» የሚለው ቃል ጉሮሮው ድረስ መጣ። ይኸኔ አንዲት ሴት ዓይኗን እየጠረገች «እስቲ ሁለት ኪሎ፤ የእጇ መጨረሻ ነው» አለች። ሌላዋም ተከተለች። ፈንታው ቃሉን ዋጠና አንገቱን ደፋ። ላየው ሐዘን ያደቀቀው ይመስላል፤ ሚዛኑን እያየ ነበር።

እኩለ ቀን ላይ መደርደሪያው ባዶ ሆነ። ድንኳኑ ተተክሏል፣ ንፍሮው ተቀቅሏል። አይሱዙው መጥቶ ድንኳኑ አጠገብ ቆመ፤ እማ በዛች የሁዳዴውን ጆንያ ሁሉ አስጭና ከጋቢናው ወረደች።

ለቅሶው ቀጥ አለ።

«አጃኢብ ነው ያረቢ!» እትዬ ሀዲያ ሮጠው ክንዷን ጨበጡ። «በዛች፣ አንቺ ነሽ? እስቲ ልንካሽ!»

«ምን ሆናችኋል? የማን ለቅሶ ነው?»

«ያንቺ ነዋ!»

ታፔላው ተነበበላት። እማ በዛች አልጮኸችም። ድንኳኑ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች፤ ንፍሮ ዘግና ቀመሰች።

«ጨው አንሶታል» አለች።

«እማዬ፣ ለገበያ ብዬ እኮ ነው…» አለ ፈንታው።

«ለገበያ ከሆነ ደግ አደረግህ። የሞተ ሰው ግን ገብስ አይቆላም።» ወደ ሾፌሩ ዞረች። «ጆንያውን እንዳታወርድ! አንተም ፈንታው፣ አርባዬ ሲወጣ እንነጋገራለን።»

ፈንታው ቀኑን በልቡ አሰላው። አርባዋ እስኪወጣ ሁዳዴ ከግማሽ ማለፉ ነው።

«ድንኳኑ ግን ሦስት ቀን ሳይሞላው አይነሳም» አሉ ጋሼ አባተ ተቆጥተው። «የእድር ደንብ ነው!»

ድንኳኑ ሳይነሳ ሦስት ቀን ቆየ። ሰው በዚያ ባለፈ ቁጥር ገባ እያለ «ነፍስ ይማር» ይለውና እየሳቀ ይወጣል።

በአራተኛው ቀን ወንድዬ መሰላሉ ላይ ሆኖ ጥቁሩን ጽሑፍ በነጭ ቀለም ሸፈነው። «አሁንስ ምን ልጻፍ?»

ፈንታው ባዶ ጆንያ ትከሻው ላይ ጣል አድርጓል፤ እናቱ እግር ላይ ሊወድቅ ወደ ገጠር መሄዱ ነው። «‹እናቱ በሕይወት አለች› በል።»

«በሶ የሚለውስ?»

«በሶ የታለና?» ጥቂት አሰበ። ፊቱ ትንሽ በራ። «ግን ልብ ብለህልኛል? ይህን ታሪክ እስከ ዛሬ ማንም አልጻፈውም።»

ወንድዬ ብሩሹን ነክሮ ጻፈው። ፈንታው ጆንያውን አስተካክሎ ቁልቁል መንገዱን ያዘ። ሦስት ጊዜ ዞሮ አየ፤ ፊደሉ ከሩቅ ይነበብ እንደሆነ።